በእኛ ቋንቋ ያልተከፈተው በር

ከከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ከጥገና ጉድጓዶቹ አልፎ በግራ በኩል፣ በሽቦ የታጠረ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል አለ። የክፍሉ ኃላፊ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ስሙን የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ባለካርዱ» ይለዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ በክር የተንጠለጠለች አንዲት ካርድ አለችው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ ይጻፍባታል። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም እነዚህን ካርዶች አልጣላቸውም። ኮምፒውተሩ አምስት አለ ሲል ካርዷ አራት ካለች፣ ሄደው ቢቆጥሩት አራት ነው። ይህ ስንት ጊዜ ተፈትኖ ስለታየ ጋራዡ ውስጥ በእሱ ቃል ላይ የሚከራከር የለም።

ትሑት ሰው ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ራሱን ያውቃል። በተለይ በስም ነገር ማንም እንዲመጣበት አይፈልግም። ፋብሪካው ለአንዲት ብሎን በመጽሐፉ ላይ ስድስት ቃል የሚፈጅ ስም ይሰጣታል፤ መካኒኩ ግን ከአውቶቡስ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ስድስት ቃል አይጠራም። አንድ ቃል ነው የሚጣራው። ባለካርዱ ሁለቱንም ስም ያውቃል፤ ካርዷ ላይም ሁለቱንም ይጽፋል። ትክክለኛው የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁት ግን ሳያቅማማ «ሰው የሚጠራው» ይላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በጌም የተለከፈው። ጌሙ «ሰባተኛው በር» ይባላል። ዝም ብሎ መተኮስ አይደለም፤ የስልት ጌም ነው። በከዋክብት መካከል ሰባት በሮች አሉ፤ መርከቦችህን አሰልፈህ፣ ነዳጅና ስንቅ አስልተህ፣ ሕዝብህን ከበር ወደ በር ታሻግራለህ። ባለካርዱን የያዘው ይኸው ስንቁ ነው። ሌላው ስለ መድፉ ሲያወራ እሱ ነዳጅ የጫኑት የት ደረሱ እያለ ይጨነቃል። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ምድር ላይ ዕቃ ስትቆጥር ትውልና እረፍትህ ደግሞ ሰማይ ላይ ዕቃ መቁጠር ነው እያለች ትስቅበታለች። ነገሩም እውነት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጌሙ ሁለተኛ ክፍል ሲወጣ ጽሑፉ በሙሉ በባዕድ ቋንቋ ነበር። ባለካርዱ ያንን ቋንቋ የተማረው ከመለዋወጫ መጽሐፍ ነው፤ ቢሆንም ከጓደኞቹ ሁሉ እሱ ይሻላል። የጌሙን ጽሑፍ አውጥቶ ቢያየው አራት ሺህ መስመር ሆነ፤ ማን ለማን እንደሚናገረው የማይታወቅ፣ አንዱ ካንዱ የተደባለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እሱ ግን የተደባለቀ ዕቃ መለየት ሙያው ነው። እያንዳንዱን መስመር ካርድ ላይ ገለበጠና፣ ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ ግማሽ ሰዓት እየሠራ፣ በዓመት ከአራት ወር ጨረሰው።

ስሞቹን እንደ ጋራዡ አድርጎ ነው ያወጣቸው። ስንቅ ጫኟን መርከብ «አጋሰስ» አላት። ቀድማ ሄዳ የምትሰልለውን «ቃፊር»፣ በውጊያ መካከል የተሰበረ የምትጠግነውን ደግሞ «ወጌሻ»። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ግን ያወጣው እሱ ነው፤ ተጫዋቹም በሳምንት ውስጥ አብሯቸው ያደገ ይመስል ለመዳቸው። ትርጉሙን በኢንተርኔት ሲለቀው ሦስት መቶ ያህል ሰው ወሰደው።

አንዲት መስመር ብቻ አስቸገረችው። የመጨረሻው ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት አንዲት ሻለቃ መርከቧን ከሰልፉ ነጥላ ትሄዳለች። ስትሄድ የምትናገረው ቃል ፋይሉ ውስጥ ተበላሽቶ፣ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ተደርድሮ መጣ። ከውጭ አገር ተጫዋቾች አንዱን መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ሰልፍ ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ይላል ብሎ አሰበና ከራሱ ጻፈ፦ «እኔ ነፍሴን ላድን፤ እናንተም እንደፍጥርጥራችሁ።» ጥሩ አድርጎ ነው የጻፋት፤ ሲጽፋትም ደስ ብሎት ነበር። ከራሱ መሆኗን ግን ለማንም አልተነፈሰም፤ መጀመሪያ ነገሩ ትንሽ መስሎት፣ በኋላ ደግሞ ረስቶት።

ከዚያ ወዲህ ሻለቃዋ በእኛ ተጫዋቾች አፍ «ፈርጣጯ» ሆነች።

ዘጠኝ ዓመት ሦስተኛው ክፍል ሲጠበቅ ኖረ። ሊወጣ ነው የተባለው ስንቴ ነው፣ የቀረውም ያንኑ ያህል ነው። ዘንድሮ ግን ቁርጥ ያለ ቀን ተነገረ። የባለካርዱ ማኅበር ሰባት ሰው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ይሰበሰባሉ። ከሰባቱ አንደኛዋ ጥርስ ሐኪም ናት፤ ጌሙ የሚወጣበትን ሳምንት የበሽተኛ ቀጠሮ አልቀበልም ብላ ዘግታለች። ሌላው ከዚያው ጋራዥ የሚነዳ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የዓመት ፈቃዱን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ለዚህ ሲያጠራቅም ኖሯል። የአንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ማስታወቂያ ወጣና ሰባቱም በሾፌሩ ቤት ተሰብስበው ምስሉን እያቆሙ መረመሩት። ከአንደኛዋ ጨረቃ ጀርባ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። ሾፌሩ የማይታወቅ መርከብ ነው አለ፤ ጥርስ ሐኪሟ ስምንተኛው በር ነው አለች። አራት ቀን ሙሉ በስልክ ተነታረኩ። በአምስተኛው ቀን የሾፌሩ ልጅ የአባቷን ስክሪን በጨርቅ ጠረገችውና ነገሩ አብሮ ተጠረገ።

ከሁሉ የበለጠው ዜና ግን አዲሱ ጌም ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ በራሳቸው ቋንቋ ይሆናል የሚለው ነው። ሠሪዎቹ እዚሁ ከተማ ላለ አንድ የትርጉም ቢሮ ሥራውን ሰጥተዋል። ባለካርዱ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። ስሞቹ እንደሚገቡ አልተጠራጠረም፤ ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? ሁለተኛው ማስታወቂያ ግን ከጽሑፍ ጋር ሲመጣ አጋሰሷ «የአቅርቦት ማጓጓዣ መንኮራኩር» ተብላ ቁጭ አለች። ቃፊሯ «የቅድሚያ ቅኝት አሃድ»። ተጫዋቾቹ የሚጻጻፉበት የስልክ ግሩፕ በንዴት ተቀጣጠለ። ሁሉም በአንድ አፍ አንተ ሂድና አናግር አሉት፤ አንተ ካልከው እኛም አልን አሉት። ባለካርዱ ከአለቃው የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀ፤ የስሞቹን ካርዶች በጫማ ካርቶን አደረገና፣ ይህቺን ነገር ዛሬውኑ አስተካክላለሁ ብሎ ለሚስቱ ነግሯት ወጣ።

ቢሮው ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተርጓሚዋ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ናት፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። በሕይወቷ ጌም ነክታ አታውቅም። ካርቶኑን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። እሷም ቃሎቼ ከመዝገበ ቃላት ጋር ተመሳክረው የወጡ ናቸው፣ ምክንያት ካመጡ ግን እሰማለሁ፣ ለመለወጥም እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ አለችው። እሷም እንደ እሱው ራሷን የምታውቅ ሰው ናት፤ ወዲያው ወደዳት።

ለሥራዋ የተላከላት የሙከራ ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ ነበር። ባለካርዱ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር እዚያ፣ ከሻይ ብርጭቆዋ አጠገብ፣ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ቢሆንም ሥራውን አልረሳም። እኔ መርከቦቹን ላንቀሳቅስ፣ እርስዎ ካርታውን እያዩ ይዘዙኝ፣ ግን በራስዎ ቃል ይሁን አላት። ጠላት መጣ። «የአቅርቦት ማጓጓዣ መንኮራኩሯን ወደ...» ብላ ሳትጨርስ መርከቧ ፈነዳች። ድገመው አለችው። ድጋሚ ፈነዳች። በሦስተኛው ፈጠን አድርጌ እላለሁ ብላ ምላሷ ተሳሰረ። በአራተኛው ከወንበሯ ብድግ ብላ «አጋሰሷን መልሳት!» ስትል መነጽር ቤቱ ድረስ ተሰማ፤ አጋሰሷም ተረፈች። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ሠላሳ አንዱን ስም ተቀበለች፤ ዘጠኙን በምክንያት ጣለች። ባለካርዱም ምክንያቷ ልክ መሆኑ ቢያንገበግበውም ተቀበለ።

ካርቶኑን ከድኖ ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ልጠይቅዎት አለችው። ታሪኩ ከድሮው ጋር እንዳይጣላ ብዬ ሠሪዎቹን የሁለተኛውን ክፍል ሙሉ ጽሑፍ አስልኬ ኢንተርኔት ላይ ካለው ከእርስዎ ትርጉም ጋር እያመሳከርኩ ነው አለች። በአንዲት መስመር ላይ ግን ግራ ገብቷታል። ወረቀት ገፋ አድርጋ አሳየችው። የሻለቃዋ መስመር ናት። ፋይሉ ያላበላሸው፣ እውነተኛው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ጠላት እኔን ይከተላል። እናንተ ሕዝቡን አሳልፉ።»

ባለካርዱ ክው አለ።

ሻለቃዋ ሰልፉን ጥላ የሄደችው ጠላትን ከሕዝቡ ለማራቅ ነው። ከውጊያው በኋላ ብቻዋን፣ መርከቧ ተቦዳድሳ፣ ወደ በሩ ትመለሳለች፤ ክፈቱልኝ ትላለች። ያኔ ተጫዋቹ ምርጫ አለው፦ መክፈት ወይም መዝጋት። በእኛ ቋንቋ የተጫወተ ሰው ሁሉ ዘግቶባታል። ነፍሴን ላድን ብላ ለሄደች ማን ይከፍታል? ከከፈትክ ጠላትን አስከትላ ታስገባለች የሚል ወሬ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ስለተነዛ፣ ለመሞከር እንኳ ያሰበ አልነበረም። አዲሱ ጌም ደግሞ የሚጀምረው በእሷ ነው አለችው ተርጓሚዋ፤ የሠሪዎቹ ታሪክ በሩ ተከፍቶላት ገብታ ነው የሚቀጥለው።

«ይህን ቃል ከየት አመጡት?» አለችው፤ ቁጣ የለባትም።

«ፋይሉ ባዶ ነበር። ከራሴ ጻፍኩት።»

መነጽሯን አወለቀች። «ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ቆሜአለሁ። ምስክሩ ድምፁ ሲጠፋ ለዳኛው አልሰማሁትም እላለሁ። ያልሰማሁትን እየሞላሁ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በእኔ አፍ በታሰረ ነበር።» ቀጥላም አባበለችው። አዲሱን በትክክል ጽፌዋለሁ፤ የድሮውን ማንም አያነሳም፤ ከተነሳም ፋይሉ ነው ይበሉ፣ ግማሹ እውነት ነው አለችው።

መንገድ ላይ ግማሹ እውነት ነው የምትለዋ ነገር አብራው ሄደች። ጥሩ ነገር ናት፤ ማንንም አትጎዳም። ግን ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ መደርደሪያ ላይ አንድም ቀን «አለ» ብሎ ጽፎ አያውቅም። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ይጽፋል፤ መካኒኩ ይሳደባል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ካርዷ ግን አትዋሽም። ያችን አንዲት ካርድ ብቻ ዋሸ። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ስንት ሰው ነው የተጫወተው?» አለችው።

«ሦስት መቶ ያህል።»

«ሦስት መቶ ጊዜ ዘጉባት በለኛ።»

ያን ሲሰማ የቀረው ማመንታት ለቀቀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሁሉም ተጫዋች ሊጽፍ ወሰነ፤ ግን በስልክ ጽፎ ከመደበቅ በፊት ለስድስቱ ፊት ለፊት መንገር አለበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጫማ ካርቶኑን ሳይሆን አራት ሺውንም ካርድ በአሮጌ ሻንጣ ጭኖ መጣ። ስሞቹ ገብተዋል ሲላቸው ክፍሏ በደስታ ተናጋች፤ ሾፌሩ አቅፎ ከመሬት አነሳው። ባለካርዱ ጭብጨባው እስኪያባራ ጠበቀና፣ ቆሞ፣ ነገሩን ሳያድበሰብስ ከሥሩ ነገራቸው። ማሳበቢያ አልፈለገም። ፋይሉ ተበላሽቶ ነበር፣ መጠየቅ ስችል አልጠየቅሁም፣ ከራሴ ጻፍኩ፣ ደበቅሁ፤ ሴትየዋ ፈርጣጭ አይደለችም አለ። እውነተኛውንም ቃል አነበበላቸው።

 ጥርስ ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ጊዜ በሩን የዘጋባት ሰው ነው፤ አንዴማ መርከቧ ደጅ ላይ ስትፈነዳ ልጁን ጠርቶ፣ ከሃዲ መጨረሻው ይኸው ነው ብሎ አስተምሯታል።

«ሌላስ ምን ሞላህ?» አለው።

«ሌላ የለም።»

«በምን አውቃለሁ?» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ለጌሙ አይደለም እኔ የምለው። አንተ አይተህ ደህና ነው ብለህ ባወጣኸው ፍሬን ነው ስልሳ ሰው ጭኜ ቁልቁለት የምወርደው። አንድም ቀን ገልብጬ አይቼ አላውቅም። አንተ ስላልከው ብቻ።»

ይህ ነው የፈራው። ከሚጠብቀው የሦስት መቶ ተጫዋች ስድብ ይልቅ ይህቺ አንዲት ጥያቄ አጥንቱ ድረስ ገባች። ግን ዓይኑን አልሰበረም። ሻንጣውን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ አዞረው። በአንድ ፊት የባዕዱ መስመር አለ፣ በሌላው የኔ፤ አራት ሺህ ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ይሁኑ፣ በፈለጋችሁት ጊዜ ገልብጡ አላቸው። የጋራዡንም መደርደሪያ ሰኞ ጠዋት መጥተህ ቁጠረው አለው ለሾፌሩ፤ ከዚያ በኋላ ካላመንከኝ እውነት አለህ።

ሾፌሩ ወንበሩን አዙሮ ኮምፒውተሩን ከፈተና የድሮውን ጌም አስነሳ። ያስቀመጠው ቦታ ነበረው፤ የመጨረሻው ጦርነት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ስድስቱም ከኋላው ቆሙ። ጦርነቱ አለቀ፣ ጭሱ ገለል አለ፣ ሻለቃዋ ከሩቅ መጣች፤ አንድ ሞተሯ ብቻ እየሠራ፣ ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላ። ክፈቱልኝ አለች። ሾፌሩ እጁን ከቁልፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ አሥራ አንድ ጊዜ የለመደው እጅ ነው። ከዚያ ከፈተ።

ጠላት አልተከተላትም። በሩ በቀስታ ተከፈተ፣ መርከቧ ገባች፣ ያሻገረችው ሕዝብ መብራቱን አብርቶ ተቀበላት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚህ ቋንቋ ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ሻለቃዋ ተናገረች፤ ጽሑፉ ከሥር ወጣ፦ «እንደምትከፍቱልኝ አውቄ ነበር።»

ባለካርዱ መስመሯን አወቃት። አንድ ማለዳ ከሥራ በፊት ራሱ ነው የተረጎማት፤ ማን ለማን እንደሚላት ሳያውቅ፣ የአንድ እንግዳ ቃል መስላው።  ጥርስ ሐኪሟ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሾፌሩ ዞር ሳይል «ይቺስ ከራስህ ናት?» አለ።

«አይደለችም። የእሷ ናት።»

ጥርስ ሐኪሟ ፊቷን እየጠረገች፣ የመስመሯን ካርድ ልትፈልግ እጇን ወደ ሻንጣው ሰደደች።

«ተይው» አለ ሾፌሩ። «አዲሱ እስኪወጣ አሥራ ሁለት ቀን አለን። የድሮውን ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን፤ አሁን ማን እንደሆነች እያወቅን።» ከዚያም ከአጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገለት፤ ባለካርዱም ተቀመጠ።